ጤፍ የሌለበት እንጀራ፦ ከካርቱሟ አል-ሳሃፋ ማዕድ ቤቶች የተገኙ የምግብ አሠራሮችና ምክንያታቸው

አል-ሳሃፋ በሱዳን መዲና ካርቱም ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስሙ በአረብኛ "ፕሬስ" ወይም "ጋዜጠኝነት" ማለት ነው። ምሥራቅ፣ ምዕራብ እና "ዘለጥ" ወይም የአስፋልቱ እየተባለ በክፍል የሚጠራው ይህ ሰፈር፣ እንደ አል-ዴምና ጅሬፍ ሁሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለረጅም ዓመታት ቤት ተከራይተው ከኖሩባቸው የካርቱም ሰፈሮች አንዱ ነው።

እዚህ ሰፈር ደርሳ ጓዟን የፈታች ኢትዮጵያዊት በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥማት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እንጀራ በምን ይጋገራል? ጤፍ በሱዳን በስፋት አይመረትም። ኢትዮጵያም እአአ በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላ ለዓመታት ቆይታለች። ድንበር ተሻግሮ ካርቱም የሚደርሰው ጤፍ ለበዓል ካልሆነ በቀር ለዕለት ማዕድ የሚደፈር አይደለም። በየሱቁ በኪሎ የሚሸጠው የማሽላ ዱቄት ነው።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ተነስቶ በሰፈሩ ማዕድ ቤቶች ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። እንጀራው በማሽላ ተጋገረ፤ የጎረቤት ክስራ ተለመደ፤ ፉል የቁርስ ምግብ ሆነ። ድፎ ዳቦም በሰፈር ዳቦ ቤት ምድጃ ገባ። እአአ ሚያዝያ 15/2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ግን እነዚህ ማዕድ ቤቶች ተበተኑ። ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከቀያቸው በተፈናቀሉበት በዚህ ጦርነት፣ የካርቱም ኢትዮጵያውያንም ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌሎች ወደ ግብፅ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ሌሎች የሱዳን ከተሞች ተሰደዱ።

ምጣድና ሞሰብ ጥሎ የወጣ ሰው የሚይዘው የእጁን ሙያ ነው። ይህ ሙያ በአብዛኛው በጽሑፍ አልሰፈረም፤ "በዓይን ልክ" የሚለካ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የተላለፈ ነው። እህሉ፣ እሳቱና አየሩ ሲቀየር "በዓይን ልክ" ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚደረግ ያወቀ ግን በማንኛውም ከተማ፣ ባገኘው እህልና ማገዶ ምግቡን መልሶ ሊሠራው ይችላል። ከዚህ በታች የቀረቡት አሠራሮች ከነምክንያታቸው የተጻፉትም ለዚህ ነው።

ማሽላ እንደ ጤፍ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ማሽላ ለኢትዮጵያ እንግዳ እህል አይደለም። በሐረርጌ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ቦታዎች፣ በመተማና በሁመራ ዙሪያ የማሽላ እንጀራ የዘወትር ምግብ ነው። ለሱዳን ደግሞ የቤት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ ሰው ያለመደው ማሽላ አሻራ ታይቷል፤ ዕድሜውም ከ5,000 ዓመት በላይ እንደሚሆን ተመራማሪዎች ገምተዋል።

የማሽላ እንጀራ ከምጣድ እንደወረደ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ወጥ ለመያዝም ያስቸግራል። ምክንያቱ በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ስታርች በሙቀትና በውኃ ሲበስል ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይጠነክራል። ይህ መጠንከር በማሽላ እንጀራ ላይ ከጤፍ ይልቅ ቶሎ ይታያል።

የምግብ ሳይንስ ተመራማሪዋ ሰናይት የትነበርክና ባልደረቦቿ እአአ በ2005 ያሳተሙት ጥናት ሁለት መፍትሔዎችን አሳይቷል። አንደኛው ከመፈጨቱ በፊት የማሽላውን ቅርፊት መግፈፍ ነው። ሁለተኛው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ነው። ሁለቱም እንጀራው ለስላሳ እንዲሆን ይረዳሉ። ትንሽ ጤፍ ማግኘት የቻለ ቤተሰብ ለብቻው ጋግሮ በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ ከማሽላው ጋር ቢቀላቅለው የበለጠ ይጠቀማል ማለት ነው።

ሦስተኛው መፍትሔ እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት አብሲት ነው። ጤፍም ሆነ ማሽላ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የላቸውም። ከቡሆው ጥቂት ተወስዶ በውኃ ሲበስል ስታርቹ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ይህ የበሰለ ሊጥ ተመልሶ ሲቀላቀል እርሾው የሚፈጥረውን አየር አፍኖ ይይዛል። በምጣድ ላይ ያ አየር ሲወጣ የእንጀራው ዓይን ይሆናል። አብሲት የተዘለለበት የማሽላ ሊጥ ዓይን የማያወጣው ለዚህ ነው።

የማሽላ እንጀራ አሠራር

የሚያስፈልጉት፦ 1 ኪሎ ቅርፊቱ የተገፈፈ ነጭ የማሽላ ዱቄት፣ 1 ኩባያ እርሾ፣ ለማቡኪያ 1 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ ለአብሲት ግማሽ ሊትር ውኃ። ጤፍ ከተገኘ ከዱቄቱ ሩብ ወይም ግማሽ ያህሉን በጤፍ መተካት ይቻላል።

ዱቄቱ በመጀመሪያ ይነፋል። ውኃው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ጓጎል እስኪጠፋ ድረስ በእጅ ይታሻል። እርሾው ከገባ በኋላ ቡሆው በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጣል።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚፈጀው መቡካት በካርቱም ሙቀት ያን ያህል አይቆይም። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍባቸው ወራት አንድ ቀን ገደማ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር ምልክቱን መመልከት ይሻላል። ቡሆው ኩፍ ብሎ ሲመለስ፣ ከላዩ ውኃ ሲያቀር እና ሽታው ደስ የሚል ኮምጣጣ ሲሆን ደርሷል። ከዚያ ካለፈ ኮምጣጣነቱ ይበዛል። በብርድ አገር ያለ ሰው በተቃራኒው ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወይም ሙቀት ባለበት ጥግ አስቀምጦ መታገሥ ይኖርበታል።

ከላይ ያቀረረው ውኃ ከተቀዳ በኋላ ሁለት ጭልፋ ያህል ቡሆ፣ ማለትም ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ የሚሆነው፣ ይወሰዳል። በግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ እየተማሰለ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን ይበስላል። አብሲቱ እጅ የማያቃጥል ለብታ ላይ ሲደርስ ወደ ቡሆው ይመለሳል። ትኩሱን መመለስ እርሾውን ይገድለዋል፤ ብዙዎች "እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለ" የሚሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሊጡ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ እንደገና ኩፍ ሲል ለምጣድ ደርሷል።

ምጣዱ በደንብ ከጋለ በኋላ በማሰሻ ይወለወላል። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ይፈሳል፤ ዓይኖቹ ሲከፈቱ በአክንባሎ ይከደናል። ዳር ዳሩ ከምጣዱ ሲላቀቅ በሰፌድ ይወጣል። የማሽላ እንጀራ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ መደራረብ የለበትም። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን አየር እንዳያገኘው ወዲያው መሸፈን አለበት፤ ከጤፍ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃልና።

ክስራ፦ የእንጀራ ሱዳናዊ ዘመድ

ክስራ ከማሽላ ዱቄት የሚዘጋጅ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ ነው። ሱዳናውያን ሙላህ ከሚሉት ወጥ ጋር ይመገቡታል። ሊጡ እንደ እንጀራ ቡሆ ይቦካል፤ ነገር ግን አብሲት አይገባበትም፣ ዓይንም አይጠበቅበትም። ክስራ የሚለሰልሰው በመሳሳቱ ነው። ስለዚህ አየር የሚያፍን ሙጫ አያስፈልገውም። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው አብሲት የሚዘጋጅበት ጊዜና ማገዶ በሌለ ቀን፣ በዚያው ቡሆ ክስራ ጋግሮ ቤተሰቡን ሊያበላ ይችላል።

የሚያስፈልጉት፦ 1 ኪሎ የማሽላ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ፣ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሊትር ውኃ። በሱዳን ገበያ ፈተሪታና ታባት ከታወቁት የማሽላ ዓይነቶች መካከል ናቸው።

ሊጡ ማታ ተቦክቶ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። ጠዋት ውኃ ተጨምሮበት ይቀጥናል። ብዙ ሴቶች በዚህ ጊዜ መያያዣ እንዲሆነው ጥቂት የስንዴ ዱቄት ያክሉበታል። ከዚያም ሳጅ የሚባለው የብረት ምጣድ ዘይት በነካ ጨርቅ ይታሻል። አንድ ጭልፋ ሊጥ ፈስሶ ገርገሪባ በምትባል፣ ከቴምር ዛፍ ቅጠል በተሠራች ቀጭን መግፊያ በፍጥነት ይገፋል። ገርገሪባ በሌለበት ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ስስ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ቁራጭ ያገለግላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዳሩ ሲነሳ ተላጦ ይወጣል፤ አይገለበጥም።

እንጀራ መጋገር የለመደ እጅ ክስራ ላይ መጀመሪያ የሚሳሳተው በሊጡ ብዛት ነው። እንጀራ ላይ ሊጡ ከፈሰሰ በኋላ አይነካም። ክስራ ላይ ግን ሥራው የሚጀምረው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የሳጁን እሳት ትንሽ መቀነስ ለመግፋት ጊዜ ይሰጣል።

ሙላህ ተገሊያ፦ ብዙ ሽንኩርት ለማይገዛበት ቀን

የኢትዮጵያ ወጥ ውፍረቱን የሚያገኘው ከሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ በርከት ብሎ ይከተፋል፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ፈርሶ መረቅ እስኪሆን ይጠበቃል። ይህ ጊዜም፣ ማገዶም፣ ገንዘብም ይጠይቃል። የሱዳን ሙላህ ደግሞ ውፍረቱን ከወይካ ያገኛል። ወይካ በፀሐይ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ነው። ሁለትና ሦስት ማንኪያ ወይካ አንድ ድስት መረቅ ለማወፈር ይበቃል። ዱቄቱ ደረቅ ስለሆነም ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቀመጣል፤ መብራት በማይታመንበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው፦ 4 ትልልቅ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 300 ግራም የተፈጨ ሥጋ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው፣ 3 ኩባያ ውኃ፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ወይካ። ሥጋው በቋንጣ ሊተካ ይችላል፤ 100 ግራም ያህል ተወቅጦ ይበቃል።

ሽንኩርቱ በቀጭኑ ተከትፎ በዘይቱ ውስጥ ወደ ቡናማነት እስኪለወጥ ይጠበሳል። ከዚያ ወጥቶ ይደቆሳል። የምግቡ ቀለምም ጣዕሙም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ መቸኮል አያስፈልግም፤ ካረረ ግን መራራ ይሆናል። በቀረው ዘይት ሥጋው ይጠበሳል፣ ድልሁና ነጭ ሽንኩርቱ ይገባሉ። የተደቆሰው ሽንኩርት ከውኃው ጋር ተመልሶ ለ15 ደቂቃ ይንተከተካል። በመጨረሻ እሳቱ ቀንሶ ወይካው ከላይ እየተነሰነሰ፣ ሳይቋረጥ ይማሰላል። ሱዳናውያን ለዚህ ሙፍራካ የተባለ፣ በሁለት መዳፍ መካከል የሚሽከረከር የእንጨት መማሰያ አላቸው። ወይካው በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል፤ ያንን መልሶ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ሙላህ ከክስራ፣ ከማሽላ ገንፎ ወይም ከእንጀራ ጋር ይበላል። በርበሬ የለመደ ቤተሰብ ድልሁ በሚገባበት ጊዜ አንድ ማንኪያ በርበሬ ቢጨምር ሙላሁ ወደ ወጥ ይጠጋል።

ፉል፦ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ ቁርስ

ባቄላ በኢትዮጵያ ደጋ በብዛት የሚመረት፣ በሱዳን ደግሞ በሰሜን በአባይ ዳርቻ በክረምት የሚዘራ ሰብል ነው። ፉል የካርቱም የጠዋትና የማታ ምግብ ነው። የአዲስ አበባው ፉል በቃሪያ፣ በቲማቲም፣ በእንቁላልና በእርጎ ሲታጀብ፣ የካርቱሙ የሚታወቀው በሰሊጥ ዘይትና በነጭ አይብ ነው።

የሚያስፈልጉት፦ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ባቄላ፣ ብዙ ውኃ፣ ጨው፣ ከሙን፣ 1 ሽንኩርት፣ 2 ቲማቲም፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ከተገኘ ነጭ አይብ።

ባቄላው ታጥቦ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል። የዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ፣ በቀስተኛ እሳት ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል። ቲማቲምና ሎሚ መጨመር ያለባቸው ባቄላው ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ አሲዳማ ነገር ቀድሞ ከገባ ቅርፊቱ አልበስል ይላል። ሲደርስ በጠርሙስ ወይም በብርጭቆ ቂጥ በከፊል ይደቆስና ዘይቱ፣ ከሙኑ፣ ሽንኩርቱና አይቡ ከላይ ይደረጋሉ። የቀረው መረቅ አይደፋም። ደረቅ ዳቦ ተቆራርሶ በመረቁ ሲርስ፣ የሰሊጥ ዘይትና ሽንኩርት ሲጨመርበት ቦሽ ይባላል፤ ኪሳቸው የሳሳ ተማሪዎች የሚያዘወትሩት ምግብ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጂ-ስድስት-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ባቄላ ከበላ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ድንገት የደከመ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ በፍጥነት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ድፎ ዳቦ ከሰፈር ዳቦ ቤት ምድጃ

በሱዳን የስንዴ ዳቦ ከማዕድ ያለፈ ጉዳይ ነው። እአአ በዲሴምበር 2018 የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ የሱዳን ፓውንድ ወደ ሦስት መጨመሩ በአትባራ ከተማ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። ተቃውሞው ወደ ካርቱም ተዛምቶ ከአራት ወራት በኋላ፣ ኤፕሪል 11/2019፣ ለ30 ዓመታት የገዙት ኦማር አል-በሽር ከሥልጣን ወረዱ። ሱዳን የምትፈልገውን ስንዴ በአብዛኛው ከውጭ ስለምታስገባ፣ የዱቄት ዋጋ ከምንዛሪ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ማሽላ ግን የአገር ቤት ምርት ነው። በእያንዳንዱ የዳቦ ቀውስ ወቅት ክስራ ጋጋሪዎች የሚፈለጉትም ለዚህ ነው።

ከኢድ በፊት የሱዳን ሴቶች ካዕክና ብስኩት በቤታቸው አዘጋጅተው ትሪውን ወደ ሰፈር ዳቦ ቤት የመላክ ልማድ አላቸው። ቤቱ ምድጃ ለሌለው የገናና የፋሲካ ድፎ ጋጋሪም ይህ መንገድ ይሠራል።

የሚያስፈልጉት፦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 600 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ከታችና ከላይ የሚለብሰው የኮባ ቅጠል በሙዝ ቅጠል ይተካል።

ቡኮው ለ10 ደቂቃ በደንብ ይታሻል። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚያያዘው በመታሸት ነው፤ ያልታሸ ቡኮ ኩፍ ብሎ መልሶ ይወድቃል። መጠኑ እጥፍ እስኪሆን ተከድኖ ይቆያል፣ አየሩ ወጥቶ በቅጠል በተነጠፈ መጋገሪያ ይገለበጣል፣ ለ30 ደቂቃ እንደገና ይተዋል። በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሥሩ ሲመታ ባዶ ዕቃ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ምድጃ ከሌለ ወፍራም ድስት ይበቃል። ከሥር መጠነኛ ከሰል ይደረጋል፤ በክዳኑ ላይ ደግሞ ከሥሩ በርከት ያለ ፍም ይቀመጣል። ዱቄት ሲወደድ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን በማሽላ ዱቄት መተካት ይቻላል። ማሽላ ግሉተን ስለሌለው ከዚያ በላይ ከገባ ዳቦው ይከብዳል።

ብቅል በሁለት ስም

በረመዳን ዋዜማ ካርቱም በአንድ ሽታ ትታወቃለች። ሕሉ ሙር፣ ትርጉሙም "ጣፋጭ መራራ"፣ ከበቀለ ማሽላና ከቅመማ ቅመም ተቦክቶ በሳጅ ላይ በቀጭኑ የሚጋገር፣ ከዚያም በውኃ ተዘፍዝፎ ለማፍጠሪያ የሚጠጣ መጠጥ ነው። ሴቶች ተሰባስበው፣ አንዷ ቤት ጋግረው፣ ድርሻቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ሱዳናውያን ዙሬዓ የሚሉት የበቀለ ማሽላ፣ ጠላ በሚጠመቅበት የኢትዮጵያ ቤት የሚታወቀው ብቅል ነው። እህሉ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ፤ የመጠጡ ጣፋጭነት የሚመጣውም ከዚያ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከማሽላ የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ ጥሬው አይበላም። ይደርቃል፣ ቡቃያው ተራግፎ ይወገዳል፣ ከዚያ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይበስላል።

ሱዳናዊው ሳይንቲስት ሐሚድ ዲራር እአአ በ1993 ባሳተሙት፣ ስለ ሱዳን አገር በቀል የቦኩ ምግቦች በሚያትተው መጽሐፋቸው 80 ያህል እንዲህ ያሉ ምግቦችን መዝግበዋል። የእውቀቱ ባለቤቶች በአብዛኛው የገጠር ሴቶች መሆናቸውንም አጉልተዋል። መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ የዚያ እውቀት ባለቤቶች ከሆኑት ብዙዎቹ በጦርነት ተፈናቅለዋል።

ጦርነቱና የጋራ ድስት

ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ መጀመሪያ ከማዕድ ቤት የጠፉት መብራት፣ የቧንቧ ውኃና የማብሰያ ጋዝ ነበሩ። ቤተሰቦች ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ተመለሱ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። የተኩስ ድምፅ ደጅ እንዳይወጣ ያደረገው ቤተሰብ እንኳ ቢያንስ መስኮትና በር ከፍቶ ማብሰል፣ ፍሙንም ሳያጠፋ አለመተኛት ይገባዋል።

በየሰፈሩ የተቋቋሙት የአደጋ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች በጎ ፈቃደኞች "ተኪያ" የተባሉ የጋራ ማዕድ ቤቶችን ከፈቱ። ተኪያ ከሱፊ እስልምና የእንግዳ ማብያ ልማድ የመጣ ስም ነው። በትልልቅ ድስቶች ምስር፣ ፉል፣ ሩዝና የማሽላ ገንፎ እየተበሰለ ለብዙ ሺህ ሰዎች ተከፋፈለ። እአአ በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቋረጥ ብዙዎቹ ለመዘጋት ተገደዱ። በዚያው ዓመት እነዚህ ቡድኖች የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ለአምስት ሰው የተጻፈ አሠራር ለ500 ሰው ሲሆን በቁጥር ብቻ አይባዛም። ጨውና ቅመም ከእህሉ ባነሰ መጠን ጀምሮ እየተቀመሰ ይጨመራል። ትልቅ ድስት ከሥሩ ያርራል፤ ስለዚህ እሳቱ ይቀንሳል፣ ማማሰሉ ይበዛል። ወይካ በድስቱ ላይ ከመነስነስ ይልቅ በባልዲ በቀዝቃዛ መረቅ ተበጥብጦ ይገባል። የተረፈ ምግብ በትልቅ ድስት ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል፤ በሰፋፊ ትሪዎች ተዘርግቶ ቶሎ መቀዝቀዝ ወይም በዚያው ሰዓት መታደል አለበት።

አሠራርን ለሌላ እንዲደርስ አድርጎ መጻፍ

ከካርቱም የወጡ ቤተሰቦች ዛሬ በጎንደር፣ በካይሮ፣ በጁባ ወይም በፖርት ሱዳን ሌላ ዓይነት ዱቄት፣ ሌላ ዓይነት እሳት ይገጥማቸዋል። አሠራርን በስልክ ድምፅም ሆነ በወረቀት ለዘመድ የሚያስተላልፍ ሰው ጥቂት ነገሮችን ቢያሟላ ተቀባዩ ይጠቀማል። መጀመሪያ "አንድ እፍኝ" ወይም "በልኩ" የሚባለውን አንድ ጊዜ በሚዛን ወይም በታወቀ ኩባያ መለካት። ቀጥሎ ከሰዓቱ ጋር ምልክቱን መጻፍ፤ ሽታው፣ ቀለሙ፣ ድምፁ ምን እንደሚሆን። የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት አለመተው። የጎደለው በምን እንደሚተካ መጠቆም። በመጨረሻም ሲበላሽ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚስተካከል መናገር።

ብዙ ሴቶች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ የሚቆጫቸው ለዓመታት የቆየው እርሾ ነው። እርሾ ግን ሊሸከሙት ይቻላል። ጥቂት ቡሆ በንጹሕ ላስቲክ ላይ በስሱ ተቀብቶ በጥላ ሲደርቅ ይፈረፈርና በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዛል። በደረሱበት አገር በለብታ ውኃና በዱቄት ሲነቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሠራል። ያም ቢጠፋ ዱቄቱ ራሱ የእርሾ ዘር ይዞ ይመጣል። ዱቄትና ውኃ በእኩል መጠን ተበጥብጦ፣ በየቀኑ ግማሹ እየተቀነሰ በአዲስ ዱቄትና ውኃ ሲተካ፣ ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ አዲስ እርሾ ይገኛል። የመጀመሪያው እንጀራ ምናልባት ዓይኑ ያንሳል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ቡሆ ላይ ግን ይስተካከላል።